ሳንባ ታጥቦ የተገኘው ዘይት

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 ሚልዋኪ ከተማ ወደሚገኘው የዊስኮንሲን የሕፃናት ሆስፒታል ትንፋሽ ያጠራቸው ጎረምሶች ተራ በተራ ይመጡ ጀመር። ከዚያ በፊት ደህና የነበሩ ልጆች ናቸው። ያስላሉ፣ ያተኩሳቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል፤ ከስተዋልም። ራጅ ሲነሱ ጠቆር ብሎ መታየት የሚገባው ሳንባ ግራና ቀኙ በነጭ ጭጋግ ተሸፍኗል። የሳንባ ምች መስሎ አንቲባዮቲክ ተሰጠ፤ ለውጥ የለም። ተህዋሲ ተፈለገ፤ አልተገኘም። ከፊሎቹ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተው ያለ መሣሪያ መተንፈስ አቃታቸው።

ታማሚው አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ “ምክንያቱ አልታወቀም” ተብሎ መዝገቡ ይዘጋ ነበር። ተመሳሳዩ ሲደጋገም ግን የሆስፒታሉ የሳንባ ሐኪም ሊን ዳንድሪያና ባልደረቦቻቸው የልጆቹን ታሪክ ጎን ለጎን አስቀመጡት። ሁሉንም የሚያገናኝ አንድ ነገር ተገኘ፦ ቬፕ፣ ፈሳሽ አሙቆ እንፋሎቱ የሚሳብበት የኤሌክትሮኒክ ዕቃ።

ይህ ቶሎ አለመታየቱ አይገርምም። ልጁን “ሲጋራ ታጨሳለህ?” ብትሉት “አላጨስም” ይላል፤ በእሱ ቤት አልዋሸም፣ ቬፕ ሲጋራ አይደለማ! ዕቃውም ቢሆን ለማንም አይታወቅም። ያኔ ገበያውን የያዘው ጁል ቁርጥ ፍላሽ ነው የሚመስለው፤ ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ ቻርጅ ሲደረግ ያየ ወላጅ ልጄ የቤት ሥራውን እየገለበጠ ነው ቢል አይፈረድበትም። ፈሳሹን የምትይዘው፣ የማንጎ ሽታ ያላት አንዲት ትንሽ ቀፎ ግን የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ኒኮቲን ትይዛለች። በዚያ ዓመት በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 27ቱ ባለፉት 30 ቀናት ቬፕ መሳባቸውን ተናግረዋል።

ሆስፒታሉ ጁላይ 25 ቀን ስምንት ልጆች መታመማቸውን ይፋ ሲያደርግ፣ ከሌሎች ግዛቶችም “እኛም ጋ አለ” የሚል ድምፅ መጣ። ከዊስኮንሲንና ከኢሊኖይ በተሰበሰቡ የመጀመሪያዎቹ 53 ታማሚዎች ላይ የተደረገው ጥናት መካከለኛው ዕድሜ 19 መሆኑን አሳየ። አብዛኞቹ በኒኮቲን ብቻ አላበቁም፤ የካናቢስ አስካሪ ንጥረ ነገር የሆነውን ቲኤችሲ በቬፕ ስበዋል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ተወሳሰበ። የዩታ ሐኪሞች በታማሚዎቻቸው የሳንባ ሕዋሳት ውስጥ የዘይት ጠብታ አዩ፤ እንግዲህ ዘይት ሳንባ ውስጥ ተጠራቅሟል ተባለ። የማዮ ክሊኒክ ባለሙያዎች በበኩላቸው ከ17 ታማሚዎች የተወሰደ የሳንባ ናሙና መርምረው የተጠራቀመ ዘይት አላየንም አሉ። ያዩት ቃጠሎ ነው፤ መርዛማ ጋዝ የተነፈሰ ሰው ሳንባ ላይ የሚታየው ዓይነት።

ፍንጩ የመጣው ከኒው ዮርክ ነው። የግዛቲቱ ላቦራቶሪ ታማሚዎች ይጠቀሙባቸው የነበሩ የቲኤችሲ ቀፎዎችን ሲመረምር ብዙ ቫይታሚን ኢ አሲቴት አገኘ። ይህ በቆዳ ቅባት ውስጥ ያለ፣ ቢዋጥም የማይጎዳ ዘይት ነው። ቀፎ ውስጥ ምን ይሠራል? ቅቤ ላይ ሙዝ የሚቀላቅል ነጋዴ የሚያውቅ አንባቢ መልሱን አያጣውም። የመንገድ ላይ ገዢ ጥራት የሚለካው ቀፎዋን ገልብጦ የአየር አረፋዋን በማየት ነው፤ ቀስ ብላ ከወጣች ዕቃው ወፍራምና ንጹህ ነው ይባላል። በሌላ ነገር የተበረዘ ቲኤችሲ ይቀጥንና አረፋው ይፈጥናል፤ ይህ ዘይት ግን መልኩም ውፍረቱም ስለሚመሳሰል ማንም አይነቃበትም።

ቀፎ ውስጥ መገኘቱ ግን ሳንባ ውስጥ ገብቷል ማለት አይደለም። ለዚህ ሳንባውን ማጠብ ያስፈልጋል፦ ቀጭን ቱቦ በአየር ቧንቧ ይገባል፣ ጥቂት የጨው ውሃ ይለቀቃል፣ ውሃው ተመልሶ ይመጠጣል። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ከ10 ግዛቶች የተላከለትን የ29 ታማሚዎች እጣቢ መርምሮ ኖቬምበር 8 ቀን ውጤቱን አሳወቀ፤ ዘይቱ በሁሉም ውስጥ አለ። ታማሚዎቹ 51 ሲደርሱ በ48ቱ ተገኘ፤ ለማነጻጸር በተመረመሩት 99 ጤነኞች ግን በአንዳቸውም የለም። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ይህ የመጨረሻው ቁጥር ነው።

ዘይቱ ሲጋለጥ ብዙዎች እፎይ አሉ፤ “ጥፋቱ የመንገድ ላይ ዕቃ ነው፣ የሱቁ ምንም አይልም”። ይህን ለመቀበል ይቸግረኛል። ከታማሚዎቹ 14 በመቶ ያህሉ የሳብነው ኒኮቲን ብቻ ነው ብለዋል፤ ሲዲሲም ሌላ ኬሚካል እጁ የለበትም ለማለት አልደፈረም። ኒኮቲን ደግሞ ማንንም በሳምንት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ባያስገባም፣ እያደገ ያለን አንጎል ሱሰኛ ማድረጉ የሚያከራክር አይደለም።

ሲዲሲ የመጨረሻውን ቆጠራ ያወጣው ፌብሩዋሪ 2020 ላይ ነው፦ 2,807 ሆስፒታል የገቡ ወይም የሞቱ ሰዎች፤ ከእነሱ 68ቱ ሟቾች ናቸው። በቀጣዩ ወር ትኩሳትና ሳል ይዞ፣ ሳንባው ነጭ ጭጋግ ለብሶ የሚመጣን ልጅ ማንም አስቀድሞ ስለ ቬፕ አይጠይቀውም ነበር። ጥያቄው “ኮቪድ ከያዘው ሰው ጋር ተገናኝተሃል?” ሆነ።