እናቴ «ቂጣ»፣ ልጄ «ፒያዲና»

ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። የልጄ ምሳ ዕቃ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ቤት ውስጥ ግን ዳቦ የለም። ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ የሰፈራችን ጠዋት የሚጀምረው በታካሚና በአስታማሚ ነው። ገና ሳይነጋ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ሰው ወደ ሆስፒታሉ በር ይጎርፋል፤ ሻይ ቤቱም ዳቦ ቤቱም የሚጋፋው ያኔ ነው። እኔ ነጠላዬን ደርቤ እስክደርስ የዳቦ ቤቱ መደርደሪያ ባዶ ሆኗል። «ቀጣዩ እስኪወጣ አርባ ደቂቃ ጠብቂ» አለኝ ሻጩ። የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ደግሞ በሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ በራችን ላይ ጥሩምባውን ይነፋል።

ተመልሼ ዱቄት በውሃና በጨው ለወስኩና ቂጣ ጋገርኩ። በዘይት የታሸ በርበሬ ቀብቼ፣ ቆራርጬ ምሳ ዕቃው ውስጥ ከተትኩት። የአሥር ዓመቱ ልጄ አየት አደረገና ክዳኑን መልሶ ዘጋው።

«ቂጣ አልይዝም።»

«ለምን?»

«ይስቁብኛል።»

ልቆጣው አፌን ከፈትኩ፤ ቃል ግን አልወጣኝም። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ እዚሁ ሰፈር፣ ያንኑ ቃል ለእናቴ ለመናገር ድፍረት ያጣሁት እኔ ነበርኩ። አምስት ልጆች ነን። እንጀራው አልቆ ሊጡ ገና ሳይቦካ ሲቀር እናቴ በማለዳ ተነስታ ቂጣ ትጋግርልን ነበር። ትምህርት ቤት ግን ቂጣ የያዘ ልጅ «የእነሱ ቤት ሊጥ አልቦካም» አይባልም፤ «የሌላቸው ናቸው» ነው የሚባለው። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ዳቦ በማርማላታ ይዛ ትመጣለች። የእኔን ቂጣ ከቦርሳዬ አውጥቼ አላውቅም። የት አደርገው እንደነበር ኋላ እነግራችኋለሁ።

ያን ቀን ልጄ ብስኩት ይዞ ሄደ። ማታ አክስቴ ከጣሊያን ስትደውል ነገሩን እንደ ቀልድ አነሳሁላት። አክስቴ ሪሚኒ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይታለች። ሳቀችብኝ። «እዚህ መጥተሽ ባየሽ!» አለችኝ። «መንገድ ዳር በቀለም የተሸነተሩ ትንንሽ ኪዮስኮች አሉ። ሰው ተሰልፎ፣ ዩሮ ከፍሎ የሚበላው ምን መሰለሽ? ቂጣ! ፒያዲና ይሉታል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ለአሠሪዬ ‹ይሄን እኮ እናቴ ቤት በነፃ ጠግቤዋለሁ› አልኳት።»

አሠሪዋ የነበሩት ባልቴት ደግሞ በልጅነታቸው ፒያዲና የድሃ እንጀራ እንደነበር ነግረዋታል። እውነት ነው። ሮማኛ በሚባለው በዚያ የሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን አካባቢ ገበሬው እርሾ የሌለው ሊጥ በሸክላ ምጣድ ላይ እየጋገረ ኖሯል፤ ስንዴው ሲያጥር በቆሎም ይቀላቅልበታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሕር ሊዋኝ ወደ ሪሚኒ የሚጎርፈው ቱሪስት ለመደው፤ ኪዮስኮቹም በዙ። ጆቫኒ ፓስኮሊ የተባለው የዚያው አገር ታላቅ ገጣሚ ግጥም ጽፎለታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የአውሮፓ ኅብረት ስሙን በመልክዓ ምድር መለያነት መዝግቦለታል፤ ከዚያ አካባቢ ውጭ የተጋገረውን «ፒያዲና ሮማኞላ» ብሎ መሸጥ ክልክል ነው። ከቤተሰቡ ጠብም አያጣም፤ ሪሚኒዎች ስስና ሰፊ አድርገው ይጋግሩታል፣ ወደ ራቬናና ፎርሊ ሲኬድ ወፍራምና ጠበብ ያለ ነው፤ ሁሉም የኔ ነው ትክክል ይላል። ሽሯችን ላይ እንደምንከራከረው ማለት ነው።

አክስቴ አሠራሩን በስልክ አሳየችኝ። እኔ ሦስት ጊዜ አበላሽቼ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

ለስድስት ፒያዲና ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት ይበቃል። (ስሙ ራሱ ያስቃል፤ ፉርኖ በጣሊያንኛ የዳቦ ምድጃ ነው። ይሄ ቂጣ ግን ፉርኖ አይፈልግም።) ሁለት የሻይ ማንኪያ ጠፍጣፋ ጨው ጨምሩበት። አምስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከዱቄቱ ጋር በጣት አሹት፤ ከዚያ አንድ ብርጭቆ የሚሆን ለብ ያለ ውሃ ቀስ በቀስ እያፈሰሳችሁ ለውሱ። ውሃውን በአንዴ አትድፉት፤ አንዱ ዱቄት ከሌላው ይልቅ ውሃ ይጠጣል። የእኔ የመጀመሪያው ሙከራ እጄ ላይ ተጣብቆ የቀረው በዚህ ነው። እርሾ የለም። አንዳንዶች ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይጨምሩበታል፤ ትንሽ ያለሰልሰዋል፣ ባይኖርም ግን አይጎዳም።

ሮማኛዎች የሚያደርጉት ስብ የአሳማ ነው። እኛ ቤት እንኳን ሊገባ ስሙም አይነሳም፤ በወይራ ዘይት የሚሠሩም ስላሉ በቤታችን ዘይት መተካቱ የባለቤቶቹን ሕግ አይጥስም። ለጾም ዘይት፣ ለፍስክ ለጋ ቅቤ።

ሁለተኛው ሙከራዬ ደርቆ እንደ ጫማ ሶል ሆነ። የዚያን ሳምንት ግቢያችን ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ቤት ከደጀን የመጡ እናት ተከራይተው ነበር፤ ባለቤታቸው ጳውሎስ ሆስፒታል ይታከማሉ፣ እሳቸው ያስታምማሉ። ወጥ ቤቴ በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አሉኝ።

«የጣሊያን ዳቦ ነው፣ እማማ።»

ጠጋ ብለው አዩት። «ይሄማ ቂጣ ነው» አሉ፤ ሳቃቸውን ግን ለአክብሮት ያህል በነጠላቸው ጠርዝ ሸፈኑት።

ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ገቡ። አንደኛ፣ ሊጡን አላሳረፍሽውም አሉኝ። በደንብ ታሽቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ አለበት። ምክንያቱን ኋላ አነበብኩት፤ የስንዴ ሊጥ ሲታሽ ግሉተን የሚባለው ነገር እንደ ላስቲክ ይወጠራል፤ ካላረፈ በመዳመጫ ስትዘረጉት መልሶ ይሰበሰባል፣ ወፍሮም ይቀራል። እሳቸው ይሄን ሁሉ በአንድ ቃል ነበር የጨረሱት፤ «ይተኛ» ብለው። ሁለተኛ፣ ከምጣዱ ላይ ሲወርድ ሳይሸፈን የቀረ ቂጣ ይደርቃል። አንዱን ባንዱ ላይ እየደረባችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ የራሱ እንፋሎት ያለሰልሰዋል። ሦስተኛ፣ የኔን የማያጣብቅ መጥበሻ አንስተው ገምገም አደረጉትና ወደ ጎን አስቀመጡት።

«ሸክላ የለሽም?»

ነበረኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ቀጨኔ ከሸክላ ሠሪዎቹ ሴቶች የገዛኋት ትንሽ ምጣድ፣ ለጌጥ ይመስል ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጣለች። እሳቸው በጎመንዘር አሟሽተው፣ አሰስ አሰስ አድርገው ከሰል ላይ ጣዷት። ስለዚህ ነገር ለአክስቴ ስነግራት በዚያ በሮማኛ ተራራ ላይ ሞንቴቲፊ የምትባል መንደር እንዳለች ነገረችኝ፤ የፒያዲና የሸክላ ምጣድ በእጅ በመሥራት የታወቀች ናት፤ ዛሬ የቀሩት ሠሪዎች ጥቂት ስለሆኑ ምጣዱ እንደ ቅርስ ነው የሚታየው። የኛዎቹ የቀጨኔ ሴቶች ከእኛ ቤት የሃያና የሠላሳ ደቂቃ መንገድ ላይ ናቸው። ስንት ዘመን በሙያቸው ሲናቁ እንደኖሩ የጉለሌ ሰው አይጠፋውም።

ሸክላ ለሌለው የብረት ምጣድ ወይም ወፍራም መጥበሻ ይሆናል። ዋናው ነገር ሙቀቱ ነው። ሊጡን ስድስት ቦታ ክፈሉትና አድቦልቡሉት፤ እያንዳንዱን ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል እስኪሳሳ ዳምጡት። ምጣዱ በደንብ ሲግል ዘይት ሳትቀቡ ጣሉበት። ሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር እዚህም እዚያም ይነፋዋል፤ የእርሾን ሥራ በጥቂቱ የሚሠራው እሱ ነው። በሹካ ወጋ ወጋ እያደረጋችሁ አዙሩት። በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ደቂቃ፣ ቡናማ ነጠብጣብ ሲያወጣ በቃው። እሳቱ ከደከመ ቀለሙ ሳይመጣ ይደርቃል፤ የጫማ ሶሉ ምሥጢር ግማሹ ይሄ ነበር። ሊጡ የሚያርፍበትን ጨምሮ ሁሉም ነገር በአንድ ሰዓት ገደማ ያልቃል። ማታ ለውሳችሁ በላስቲክ ሸፍናችሁ ፍሪጅ ብታሳድሩት ደግሞ የጠዋቱ ሥራ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። የችኮላ ምግብነቱ አዲስ አይደለም፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን «የቂጣ በዓል» የሚለውም ሊጥ እስኪቦካ መጠበቅ ያልቻለ መንገደኛ ሕዝብ ስለነበረ ነው።

ጣሊያኖቹ ለስላሳ ነጭ አይብ፣ በቀጭኑ የተቆረጠ የደረቀ ሥጋና ቅጠል አስገብተው ለሁለት ያጥፉታል። በእኛ ቤት በፍስክ ቀን አይብ ከጎመን ጋር ነው፤ በጾም ቀን አቮካዶ ከቲማቲም፣ ወይም ጠንከር ብሎ የተሠራ ምስር። ለትምህርት ቤት ግን እስከ ቀትር የሚቆይ ነገር ምረጡ፤ እኔ የተቀቀለ ድንች በቃሪያና በሽንኩርት አሽቼ እቀባለሁ። የተረፈውን በማግስቱ ቆራርጣችሁ በቅቤና በበርበሬ ብታሹት ጨጨብሳ ይሆናል። ጨጨብሳ ደግሞ ካፌ ውስጥ ማር ፈሶበት ሲመጣ ማንም አያፍርበትም፤ ይሄ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሐሙስ ጠዋት ለልጄ ሁለት ፒያዲና አጥፌ፣ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት። «ምንድነው?» አለ። «ፒያዲና። የጣሊያን ነው» አልኩት። ማታ ሲመለስ ምሳ ዕቃው ባዶ ነው፤ «ነገ አራት አድርጊልኝ፣ ጓደኞቼም ፈልገዋል» አለኝ። ደስ አለኝ። ደስታዬ ውስጥ ግን የሆነ ነገር ይቆረቁረኝ ጀመር። ልጄን አላታለልኩትም፤ ስሙን ብቻ ነው የቀየርኩት። ግን ስሙን ባልቀይርለት ኖሮስ? የሰኞውንና የሐሙሱን የሚለያቸው ትንሽ ዘይት፣ ግማሽ ሰዓት እረፍትና የደጀኗ እናት እጅ ነው።

እሁድ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እኛ ቤት ቁርስ ልትበላ ገባች። ልጄ ሮጦ አንድ ሙሉ ፒያዲና በሰሐን አቀረበላት። «አያቴ፣ የጣሊያን ምግብ ነው፤ ስሙ ፒያዲና ይባላል» አለ በኩራት።

እናቴ ቆረስ አደረገች፣ አኘከች፣ እኔን አየችኝ። «ልጅን አትዋሺው» አለችኝ። ወደ እሱ ዞራም «ቂጣ ነው የኔ ልጅ፣ እናትህ ያደገችበት» አለችው። ልጄ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ተመለከተ።

ያኔ ተናዘዝኩ። ሠላሳ ዓመት የደበቅኩትን፣ ቂጣዋን አንድም ቀን ትምህርት ቤት በልቼ እንደማላውቅ፣ ከግቢው አጥር ሥር ለሚተኛው ውሻ እሰጠው እንደነበር ነገርኳት። ፊቷን ማየት አቅቶኝ ሰሐኑን ነበር የማየው።

«እና የማላውቅ መሰለሽ?» አለች። «ያ ውሻ በየቀኑ እስከ ቤት ድረስ ሲከተልሽ ስለምትወጂው ይመስልሽ ነበር እንዴ? ከሰፈሩ ውሻ ሁሉ እሱ ብቻ ነበር የወፈረው።»

ልጄ በሳቅ ወደቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ ከሰሐኑ ሌላ ቁራሽ አነሳች።

«ታዲያ ለምን አልተቆጣሽኝም?» አልኳት።

«ዳቦ መግዣ ሳይኖረኝ ምን ብዬ ልቆጣሽ?»

ለጥቂት ጊዜ ማናችንም አልተናገርንም። ልጄ ከመሶቡ ሌላ ፒያዲና አወጣና ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ለእሷ፣ ግማሹን ለራሱ አደረገ።

«አያቴ፣ ይጣፍጣል አይደል?»

እናቴ እስክትውጥ ጠበቀችና «ጨው ያንሰዋል» አለች።