ለአያቶቻችን የሕመም ማስታገሻ ስንገዛ

 

ቅዳሜና እሁድ ዓለም ባንክ ወዳለው ቤታችን ስንሄድ፣ ጉልበታቸውን ወይም ወገባቸውን የሚያማቸው አያቶች ፋርማሲ የሚልኩት እኛን ነው። ማስታገሻው ብዙ ጊዜ ያለ ሐኪም ወረቀት ይገኛል። ለእኛ የማይከብደው ክኒን ግን ከ80 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው አደጋ ሊሆን ይችላል። በዚያ ዕድሜ ኩላሊት ይደክማል፤ መድኃኒቱም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም።

ፓራሲታሞል፦ ጉበታቸው ጤነኛ ለሆነ አዛውንት የመጀመሪያው ምርጫ ይህ ነው። ባለ 500 ሚ.ግ. አንድ ክኒን በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ሳይበልጥ መጀመር ይበቃል። ፓናዶልና ከውጭ ዘመድ የሚልከው ታይሌኖልም ፓራሲታሞል ናቸው። ብዙ የጉንፋን ክኒኖችም ውስጣቸው ይኸው አለ። ስለዚህ ደርበን አንስጥ።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን (አድቪል)፦ እነዚህ ሕመምን የሚያስታግሱት ሰውነት የሚያመነጨውን አንድ ንጥረ ነገር በመቀነስ ነው። ያ ንጥረ ነገር ግን የጨጓራን ግድግዳ ይጠብቃል፤ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደምም ያግዛል። ሲቀንስ ጨጓራ ምንም ሳያም ሊደማ ይችላል። መርፌውም በደም ስለሚዘዋወር ከዚህ አያድንም። አያታችን ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስዱ ከሆነ ኩላሊታቸው በድንገት ሊጎዳ ይችላል። አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን ከወሰዱ ደግሞ የመድማቱ አደጋ ይጨምራል። ስለዚህ ሐኪም ሳያዝ አንግዛላቸው። ለጉልበት ሕመም የሚቀባው የዳይክሎፌናክ ጄል ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ስለሆነ ይሻላል፤ እሱንም ቢሆን ባለሙያ ጠይቀን እንግዛ።

ትራማዶል፦ ያዞራል፣ ያደናግራል፣ ሆድ ያደርቃል። ለሱብሒ ውዱእ በጨለማ የሚነሱ አዛውንት ወድቀው ዳሌያቸው ሊሰበር ይችላል። ሐኪም ካላዘዘው አይሰጥም።

በረመዷን ጥንቃቄው ይጨምራል። ሱሑር ላይ ዳይክሎፌናክ ውጦ ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ መዋል ኩላሊትን ይጎዳል። መፆም ለተሳናቸው አዛውንት ሸሪዓችን ቅለት ሰጥቷል፤ ይህንን ከኡስታዞቻችን ጋር ሆነን በአክብሮት እናስረዳቸው።

ፋርማሲ ስንሄድ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘን ለባለሙያው እናሳይ፤ ዕድሜያቸውንና ያለባቸውን ሕመም እንንገረው።

ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስታወኩ፣ ሽንታቸው ከቀነሰ፣ እግራቸው ካበጠ ወይም በድንገት ከተደናገሩ ማስታገሻውን አቁመን ሳንውል ሳናድር ወደ ሆስፒታል እንውሰዳቸው። ለሰፈራችን አለርት ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ለወላጅ በጎ መዋል ዒባዳ ነው፤ የሚውጡትን ክኒን አጣርቶ መግዛትም ከዚያው ይቆጠራል። አላህ ለአያቶቻችን ዓፊያን ይስጥልን። አሚን።