የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የማደሪያ ችግር
(ቁስቋምና አካባቢው እንደ ምሳሌ)

መግቢያ

ስለ ከፍተኛ ትምህርት መስፋፋት በሚነገርበት ጊዜ ዘወትር የሚጠቀሱት የመማሪያ ክፍሎች፣ መምህራን፣ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራዎች ናቸው። ተማሪው ማታ ጎኑን የሚያሳርፍበት ስፍራ ግን በመጨረሻ የሚታሰብ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። እንደሚታወቀው፣ በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለረጅም ዘመን የተሠራበት አሠራር ተማሪዎችን በአገር አቀፍ ደረጃ መመደብ ነው። በዚህ አሠራር ከወሎ ወይም ከጋምቤላ ገጠር ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚደርስ ወጣት፣ አልጋ ካላገኘ የተሰጠው የትምህርት ቦታ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የግቢው መኝታ ቤቶች በሚሞሉበት ጊዜ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ማደሪያ የሚያገኝበትን መንገድ መግለጽና፣ ጉዳዩ ለተማሪው ብቻ የሚተው ሳይሆን ከቅበላው ዕቅድ ጋር አብሮ ሊታሰብ የሚገባው መሆኑን ማስረዳት ነው።

የችግሩ አመጣጥ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የተማሪዎቹ ቁጥር ጥቂት ስለ ነበር በአዳሪነት ማስተማር አስቸጋሪ አልነበረም። በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ተሰጥቶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም፣ ስድስት ኪሎ የተማሪዎች ሰፈር ሆነ። ይሁን እንጂ በ1950ዎቹ አጋማሽ የአዳሪነቱ ሥርዓት ተቋርጦ ብዙ ተማሪዎች በከተማው ውስጥ ቤት ፈልገው እንዲኖሩ ተደረገ። ይህም በተማሪዎች ዘንድ ቅሬታ ካስነሡት ነገሮች አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዳሪነትና ተመላላሽነት ጎን ለጎን ኖረዋል።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ፣ በግል ቤት አከራይቶ መኖር ቀረ። አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ግቢ ውስጥ ቦታ ላጣ ሰው የቀረው መንገድ ዘመድ ጋ መጠጋት ወይም በሌላ ሰው ቤት በደባልነት መኖር ነበር። የግል ኪራይ ተመልሶ ከተፈቀደ በኋላ ደግሞ የኪራይ ዋጋ የአስተማሪውንም የተማሪውንም አቅም የሚፈትን ሆነ።

አልጋና የቅበላ ቁጥር

የማደሪያ ቁጥር የቅበላን ቁጥር እንደሚወስን በቅርብ ዓመታት በግልጽ ታይቷል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተመለሱ። በ2013 ዓ.ም. ሲከፈቱ ግን በአንድ ክፍል ውስጥ እንደ ቀድሞው ብዙ ተማሪ ማስተኛት ስላልተቻለ፣ ተመራቂዎችን በማስቀደም በየተራ መጥራት ግድ ሆነ። የመማሪያ ክፍልም መምህርም ባለበት ሁኔታ ትምህርቱን ካዘገዩት ምክንያቶች አንዱ የአልጋው ቁጥር ነበር።

በሌላ በኩል በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ ከ800,000 በላይ ተፈታኞች የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ ተብለው በዙር እየገቡ ተስተናግደዋል። አልጋ አስቀድሞ ሲቈጠርና ሰው በተራ ሲደለደል እጅግ ብዙ ሕዝብ ማሳደር እንደሚቻል ይህ ሥራ አሳይቷል። በዚያ ፈተና ማለፊያ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ በመሆናቸው የአዲስ ገቢዎች ቁጥር ለጊዜው ቀንሷል። ነገር ግን የማለፊያው መጠን ከፍ ሲል ጥያቄው ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። የዕቅድ አውጪዎች ሥራም ግቢው በተጨናነቀ ጊዜ ሳይሆን ፋታ ባለበት ጊዜ ሊከናወን የሚገባው ነው።

ቁስቋምና አካባቢው

ቁስቋም በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከስድስት ኪሎ በስተ ሰሜን፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው ከቁስቋም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ስያሜው መነሻው በግብፅ ያለው የቁስቋም ተራራ ሲሆን፣ እመቤታችን ከልጇ ጋር በስደት ሳለች ያረፈችበት ስፍራ መታሰቢያ ሆኖ በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን ይከበራል።

ሰፈሩ ከሽሮ ሜዳ ጋር ተያይዞ የሸማኔዎች፣ የአነስተኛ ነጋዴዎችና የቀን ሠራተኞች መኖሪያ ሆኖ ቆይቷል። ስድስት ኪሎ፣ አምስት ኪሎና አራት ኪሎ ላይ ለሚማር ሰው ያለው ጥቅም ቅርበቱ ነው። በእግር ወይም በአጭር የታክሲ ጉዞ መመላለስ ስለሚቻል የትራንስፖርት ወጪ ይቀንሳል። ጉዳቶቹም መታወቅ አለባቸው። መንገዱ ዳገት ነው፤ ሌሊቱ ከመሐል ከተማው ይልቅ ይበርዳል። ብዙዎቹ ክፍሎች በአንድ ግቢ ውስጥ ተደርድረው የተሠሩ ስለሆኑ መጸዳጃው፣ የውሃ ቧንቧውና የመብራት ቆጣሪው የጋራ ናቸው። ከቤተ መጻሕፍት አምሽቶ ለሚመለስ ተማሪ፣ ይልቁንም ለሴት ተማሪ፣ የኪራዩ መርከስ ብቻውን መመዘኛ ሊሆን አይችልም።

ቤት ፈላጊው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች

አንደኛ፣ ፍለጋው በቀን ብርሃንና አካባቢውን ከሚያውቅ ታላቅ ሰው ጋር ቢደረግ ይመረጣል። ደላላ ቤት በቶሎ ያሳያል፤ ስለ አከራዩ ጠባይና ስለ ግቢው ሰላም እውነቱን የሚናገሩት ግን ባለሱቁ፣ የዕድሩ ዳኛና ቀደም ብለው የተከራዩ ተማሪዎች ናቸው።

ሁለተኛ፣ ከዋጋው በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች አሉ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? የመብራቱ ሂሳብ የሚከፈለው በሰው ቁጥር ነው ወይስ በክፍል? የግቢው በር ማታ በስንት ሰዓት ይዘጋል? ማታ መብራት አብርቶ ማጥናት ይፈቀዳል? አብሮ የሚኖር ጓደኛ ቢጨመር ኪራዩ ይለወጣል? እነዚህ ሳይጠየቁ የተያዘ ቤት በወሩ መጨረሻ የጠብ ምንጭ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ አከራዩም ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ ይደነግጋል። የኪራይ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ፣ የሚመለከተው አካል ይፋ በሚያደርገው መጠን ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። የስድስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ አምጣ የተባለ ተማሪ ይህን ካላወቀ፣ ቤተሰቡ ከብት ሸጦ የላከለትን ገንዘብ በአንድ ቀን ሊያወጣ ይችላል። በተጨማሪም 18 ዓመት ያልሞላው ተማሪ ራሱ ተዋዋይ ሊሆን ስለማይገባው ወላጁ ወይም ሞግዚቱ ሊፈርምለት ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ የወጪ መጋራት ውል በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። በዚህ ሥርዓት ተመራቂው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶውን ይመልሳል። ውሉ ምግብ ብቻ፣ መኝታ ብቻ ወይም ሁለቱንም ለመምረጥ ስለሚያስችል፣ ከግቢ ውጭ የሚኖር ተማሪ ያልተኛበት አልጋ ዕዳ ሆኖ እንዳይመዘገብበት በየዓመቱ ማረጋገጥ አለበት።

ቅድሚያ ለማን?

አልጋ ካነሰ ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በሚያዘጋጅበት ጊዜ ከግቢ ቢወጣ ይጎዳል። ሆኖም እርሱ ከተማውን ያውቃል፤ ጓደኞች አፍርቷል፤ የዋጋውን ልክ ለይቷል። አዲስ ገቢው ግን መንገዱንም፣ አንዳንዴም የከተማውን ቋንቋ፣ በአንድ ጊዜ መማር አለበት። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ደግሞ በትምህርቱ መቀጠሉንና የሚገባበትን የትምህርት ክፍል የሚወስን ነው። ስለሆነም ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ በሆነበት ስፍራ ሚዛኑ ወደ አዲስ ገቢው ያደላል።

ከአዲስ ገቢዎች መካከልም ልዩነት አለ። በፈረንሳይ አገር የተማሪዎችን ማደሪያ የሚያስተዳድሩት የመንግሥት ድርጅቶች ቦታ ሲደለድሉ የቤተሰቡን ገቢና የመኖሪያውን ርቀት ይመለከታሉ። በአዲስ አበባም ቤተሰቦቻቸው በከተማው የሚኖሩ ተማሪዎች ከቤታቸው እንዲመላለሱ ማድረግ የተለመደ ነው። ይህ አሠራር በመሠረቱ ትክክል ቢሆንም፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ ጸጥ ያለ ማጥኛ አለው ማለት አይደለም። በአንዲት ክፍል ከስድስት ቤተሰብ ጋር የሚኖር የቁስቋም ልጅ፣ ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ቢሆንም ለጥናት ሩቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ርቀት፣ ገቢ፣ ጾታና የአካል ጉዳት አንድ ላይ የሚመዘኑበት ግልጽ መስፈርት ያስፈልጋል።

የመምህራንና የዕቅድ አውጪዎች ድርሻ

ለአዲስ ገቢዎች የሚወጣው የጥሪ ማስታወቂያ ብርድ ልብስ፣ አንሶላና የትራስ ልብስ ይዘው እንዲመጡ ያዛል። ከዚሁ ጋር ማን አልጋ እንደሚያገኝና ማን እንደማያገኝ ቢገለጽ፣ ቤተሰብ ለመዘጋጀት ጊዜ ያገኛል። ብርድ ልብሱን ተሸክሞ በር ላይ ከደረሰ በኋላ ቦታ የለም የተባለ ተማሪ የሚያገኘው የመጀመሪያ ቤት እጅግ ውዱ ወይም እጅግ የማያስተማምነው ነው። የዕቅድ አውጪው ሠንጠረዥም ከመቀመጫው ቁጥር ጎን የአልጋውን ቁጥር፣ ከሁለቱ ልዩነት ጎን ደግሞ ለቀሩት የታሰበውን መፍትሔ የሚያሳይ ዓምድ ሊኖረው ይገባል። የተማሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤቶች ከወረዳ አስተዳደሮች ጋር ሆነው ፈቃደኛና የታወቁ አከራዮችን ቢመዘግቡ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ጅምር ይሆናል።

የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ድርሻም ቀላል አይደለም። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የኪራይ ውል አንብቦ እንዲረዳ፣ የወር በጀት እንዲያወጣ፣ መብቱን በትሕትና እንዲጠይቅ በሥነ ዜጋ፣ በሒሳብና በቋንቋ ትምህርት ውስጥ በምሳሌነት ማለማመድ ይቻላል። ለዚህ አዲስ የትምህርት ዓይነት አያስፈልግም።

ባጠቃላይ፣ የማደሪያ ጉዳይ ከትምህርት ውጭ ያለ የግል ጣጣ ሳይሆን የቅበላው አካል ነው። አንድ ወጣት ለዓመታት ደክሞ ያገኘው ዕድል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቤት ማጣት ቢሰናከል፣ ለእርሱ የዋለው የመምህራን ድካምና የአገር ሀብት አብሮ ይባክናል። ተማሪ ከመጠራቱ በፊት አልጋው ይቈጠር።