ያልደረሰ ለሚቀጥለው

ኩበርኔቲስ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድር፣ አንዱ ማሽን ሲበላሽ ሥራውን ወደ ሌላው የሚያዛውር ሶፍትዌር ነው። ጉግል የጀመረው ይህ ፕሮጀክት የመጀመሪያውን ሙሉ ስሪቱን በ2015 እ.ኤ.አ. አወጣ፤ ኮዱን ማንም ማየትም ማሻሻልም ይችላል። የሚያሻሽሉት ባለሙያዎች ግን የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች አይደሉም። ደመወዛቸው ከተለያዩ ኩባንያዎች ነው፤ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩም አሉ። ታዲያ አንዱ ሌላውን ማዘዝ በማይችልበት ቤት ቀን ቆርጦ አዲስ ስሪት ማውጣት እንዴት ይቻላል?

አንዱ መልስ የፕሮጀክቱ ኮድ በሚቀመጥበት ጊትሀብ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ያለው፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ የሥራ መከታተያ ሰሌዳ ነው። ሥራን በካርድ የመከታተል ልማድ ከቶዮታ ፋብሪካ የመጣ ሲሆን፣ በአጭር ዙር መሥራትን የሚመርጡት የአጃይል ተከታዮች በሶፍትዌር ዓለም አስፋፉት።

በሰሌዳው ላይ እያንዳንዱ የታቀደ ማሻሻያ የራሱ ካርድ አለው። ካርዱ ላይ የሥራው ባለቤት፣ ኃላፊነቱን የወሰደው ቡድን፣ እንዲሁም ማሻሻያው ገና ሙከራ ላይ መሆኑ ወይም መረጋጋቱ ይታያል። የመጀመሪያው የጊዜ ገደብ ሲቃረብ ስሪቱን የሚያወጣው ቡድን ካርዶቹን አንድ በአንድ ይፈትሻል፦ የንድፍ ሰነዱ ጸድቋል? የፍተሻ ዕቅዱስ ተጽፏል? የጎደለውን ዘርዝሮ ለባለቤቱ ይጽፋል፤ ካርዱም «አደጋ ላይ» ይባላል። የጎደለው ሳይሟላ ቀኑ ካለፈ ማሻሻያው ከዚያ ስሪት ይሰረዛል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ኮዱ የሚዘጋበት ሁለተኛ ገደብ አለ። ጊዜ እንዲጨመርለት የሚፈልግ ሰው ምክንያቱን በአደባባይ ጽፎ ያመለክታል።

የሰሌዳው ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። በጎ ፈቃደኛን «ቶሎ ጨርስ» ብሎ ማስጨነቅ ሰውን ያሸሻል። «ለዚህ ዙር አልደረሰም» ማለት ግን ማንንም አያስቀይምም፤ መስፈርቱ ለሁሉም አንድ ነው፣ ቀጣዩ ስሪትም ሩቅ አይደለም። ፕሮጀክቱ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓመት የሚያወጣቸውን ስሪቶች ከአራት ወደ ሦስት ቢቀንስም፣ የዘገየ ማሻሻያ የሚጠብቀው አራት ወር ገደማ ነው።

ቀኑ ራሱ የተገፋበት ጊዜም አለ። 1.24 የተባለው ስሪት ሚያዝያ 19 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ሊወጣ ታቅዶ ነበር፤ ኩበርኔቲስ በተጻፈበት «ጎ» በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ በተገኘ ችግር ወደ ግንቦት 3 ተዛወረ። 46 ማሻሻያዎችን ይዞ ወጣ።

ስሪቱን የሚያወጣው ቡድን በየዙሩ ይቀያየራል። እያንዳንዱ ኃላፊ ተለማማጆች አሉት፤ ካርድ መከታተልን አብረውት እየሠሩ ይማራሉ፣ ከእነሱም መካከል የቀጣዩን ዙር ኃላፊነት የሚረከቡ ይገኛሉ።