ስለ ወጥ ቤት ውኃ ማጣሪያ አመራረጥና አተካከል

የቀድሞ ሊቃውንት የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፥ ከመሬት፥ ከውኃ፥ ከነፋስና ከእሳት የተሠራ መሆኑን ሲያስተምሩ፥ ፍጥረትን ደግሞ ግዙፍና ረቂቅ ብለው ይለዩት ነበር፤ ይህም አለያየት ዛሬ በአዲስ አበባ ሱቆች ከተደረደሩት ልዩ ልዩ የውኃ ማጣሪያዎች ፊት ቆሞ ለሚያመነታ የቤት ባለቤት ከሻጩ ውዳሴ የበለጠ ይጠቅመዋል፤ ማጣሪያ ሁሉ የሚይዘው የተወሰነ ነገር ነውና፥ በቤቱ ውኃ ውስጥ ያለው ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ የሚገዛ ሰው የሌለበትን በሽታ መድኃኒት ገዝቶ ሊመለስ ይችላል።

ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው ውኃ በጣቢያው ተጣርቶ፥ ክሎሪን ተጨምሮበት የሚለቀቅ ስለ ሆነ፥ የሚያሰጋው ከምንጩ ይልቅ መንገዱ ነው። ውኃው በፈረቃ ሲመጣና ሲሄድ፥ በቧንቧው ውስጥ የነበረው ግፊት በወደቀ ጊዜ በተሰነጠቀው መገጣጠሚያ በኩል የውጭው እድፍ ይሳባል፤ ከዚያም ውኃው በሮቶ ውስጥ ሲሰነብት ክሎሪኑ ይሳሳል፥ ደለሉም ከሥር ይዘቅጣል። ሮቶውን ሳያሳጥብ ውድ ማጣሪያ የሚያስተክል ሰው ገንዘቡን ፈጽሞ አባከነ ባልልም፥ ማጣሪያውን ያለ ዕድሜው እንደሚያስረጀው ግን አልጠራጠርም።

ግዙፉን፥ ማለት ጭቃውንና ዝገቱን፥ 5 ማይክሮን የሚባለው ርካሽ የክር ጥቅል ይይዘዋል፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ረቂቃኑ ተሐዋስያን ግን ሌላ ነገር ይሻሉ፤ የጃርዲያ ዕንቁላል የሚመስለው ቅርፊት ከ8 እስከ 12 ማይክሮን ቢሆንም ለክር ጥቅሉ አይታመንም፥ ተቅማጥና ታይፎይድ የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ውፍረታቸው ከ1 ማይክሮን ያነሰ ነው። እነዚህን የሚያግደው በ19ኛው መቶ ዓመት የዱልተን ቤተሰብ በለንደን ይሠራው የነበረውና እስከ ዛሬ ያልተሻረው፥ ሻማ የሚመስለው የሴራሚክ ማጣሪያ ነው፤ ቫይረስ ግን ከባክቴሪያ እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ ያመልጠዋል፤ ወረርሽኝ በተሰማ ጊዜ የተጣራውንም ውኃ ማፍላት ይገባል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም፥ 3 ደቂቃ ያህል ከተንተከተከ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በከሰሉ ማጣሪያ ነው። ከሰል ጠረንንና የክሎሪንን ጣዕም ስለሚያስቀር ውኃውን ለምላስ ያጣፍጠዋል፤ ነገር ግን ተሐዋስያንን አያግድም፤ ይባስ ብሎ ውኃውን ይጠብቅ የነበረውን ክሎሪን ራሱን ያስወግዳል። ስለዚህ ከሰል ከሮቶው በፊት ከቶ አይተከልም፤ በከሰል ያለፈም ውኃ በእንስራ ውስጥ ሊሰነብት አይገባውም።

ሁሉን አጣሪ ተብሎ የሚወደሰው፥ ውኃን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያሳልፈው ባለ ብዙ ደረጃ ማጣሪያ (ሻጮች አርኦ የሚሉት) በውኃ የሟሟውን ጨው ሳይቀር ይለያል። ዳሩ ግን 3 ባር ያህል ግፊት ይፈልጋል፤ አሥር ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ብቻ ስለ ሆነ፥ ከወጥ ቤቱ ቧንቧ አምስት ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚያወርደው ግማሽ ባር ነው፤ እንግዲህ ፓምፕና መብራት ግድ ሊሆን ነው። በዚያም ላይ አንድ ሊትር ለማጥራት ብዙውን ጊዜ ሦስት ሊትር ያህል ወደ ፍሳሽ ይለቃል፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ ይህን ማድረግ ለእኔ ቅንጦት ነው።

በስምጥ ሸለቆ፥ በወንጂና በዝዋይ አካባቢ፥ በመተሐራም ነገሩ ይለወጣል። በዚያ የእሳተ ገሞራ ዐለት ለከርሰ ምድሩ ውኃ ፍሎራይድ ያቀብለዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፥ ከዚህ ያለፈውን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፥ መጠኑ በበዛም ጊዜ አጥንቱ ይጎዳል። ውኃውን ማፍላት እዚህ ላይ አይረዳም፤ እንፋሎቱ ሲወጣ ፍሎራይዱ ይጠናልና። የሴራሚኩም ሻማ፥ የተለመደውም ከሰል አያስቀሩትም፤ የሚያስቀረው ወይ ያ ባለ ፓምፕ ማጣሪያ ወይም ከተቃጠለ የከብት አጥንት የተዘጋጀ ከሰል ነው፤ ይህን የኋለኛውን ጾመኛ ሰው ሊጸየፈው ይችል ይሆናል።

አተካከሉ ለጎበዝ ቧንቧ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አይደለም። ማጣሪያው በዕቃ ማጠቢያው ሥር በቀዝቃዛው መስመር ላይ ሆኖ፥ ለመጠጥና ለወጥ ብቻ የምታገለግል ትንሽ ቧንቧ ቢወጣለት ይመረጣል፤ ሳህን የሚታጠብበትን ውኃ ማጣራት ትርፉ ማጣሪያውን መጨረስ ነው። ዋናው መዝጊያ ተዘግቶ በቧንቧው የቀረው ውኃ ከፈሰሰ በኋላ፥ ቴፍሎኑ በመገጣጠሚያው ጥርስ ላይ ብሎኑ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ይጠመጠማል፤ በዕቃው ላይ የተሣለውም ቀስት ውኃው የሚሄድበትን ያሳያል። የክር ጥቅሉ ይቀድማል፥ ከሰሉ ይከተላል፥ ሴራሚኩ በመጨረሻ ይሆናል። ሠራተኞች የሚዘነጉት ከማጣሪያው ሥር ክፍት ቦታ መተውን ነው፤ ይህ ካልተተወ የማጣሪያው መያዣ ጽዋ ወደ ታች ወርዶ በውስጡ ያለው ሊለወጥ አይችልም። ፕላስቲኩም በቁልፍ ብርቱ ጥምዘዛ ስለሚሰነጠቅ በእጅ መጥበቁና የጎማ ቀለበቱ በቦታው መሆኑ ይበቃል። መጀመሪያ የሚወርደው ጥቁር ውኃ የከሰል ትቢያ ነው፤ እስኪጠራ ይደፋል፤ ያን ሌሊትም ከሥሩ ደረቅ ወረቀት ቢነጠፍ ጠብታ እንዳለና እንደሌለ ይገልጣል።

ከሰሉ በየስድስት ወሩ ገደማ ስለሚለወጥ የተተከለበት ቀን በጽዋው ላይ ይጻፍ። ሴራሚኩ ግን የውኃው አወራረድ ሲቀንስ በለስላሳ ብሩሽና በንጹሕ ውኃ ይፈተጋል፤ ሳሙና በቀዳዳዎቹ ገብቶ ስለሚቀር አይነካውም። ሲፈተግ ኖሮ የሳሳ ወይም ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የታየበት ሻማ፥ ውኃው ምንም ጠርቶ ቢወርድ፥ በዚያው ቀን ይጣላል።