እያረሙ መሥራት፤ የፎገራ ካላዛርና የሕክምና ምርምር አመራር

በ1997 ዓ.ም. በግንቦት ወር፥ የሀገሩ ሰው ሁሉ በምርጫው ወሬ ተጠምዶ በነበረበት ሰሞን፥ በጣና ዙሪያ ያለውን የፎገራን ወረዳ በስተ ሰሜን በሚያዋስነው በሊቦ ከምከም ወረዳ ሕዝቡን ሲያስጨንቅ የቆየው ደዌ እውነተኛ ስሙ ታወቀ። ከዚያ አስቀድሞ በሽተኛው ትኩሳት እየተመላለሰበት፥ ሥጋው እያለቀ፥ ሆዱ በጣፊያው እብጠት እየተነፋ ሲመጣ፥ ወባ ነው፥ ያውም መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ይባል ነበር፤ የጣና ዙሪያ ሜዳ ከጥንት ጀምሮ የንዳድ አገር በመሆኑ እንዲህ ብሎ ማሰብ የሚያስደንቅ አልነበረም። ነገሩ በሚገባ ሲመረመር ግን ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፥ ካልታከሙትም ሰውን የሚገድል ደዌ ነው።

ካላዛር በሁመራና በመተማ ቆላ የታወቀ ቢሆንም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋው በዚህ አገር ይነሣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ሊቃውንቱ እንደሚገምቱት፥ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ ቆላ ወርደው የሚመለሱት የቀን ሠራተኞች ተሐዋሲውን በደማቸው ይዘውት መጡ፤ አገሩ ደግሞ ለዝንቡ የተመቸ ነበር፤ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያጥለቀልቁት ዋልካ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃልና፥ ዝንቡ በዚያ ንቃቃት ውስጥ ይጠለላል፥ በግራሩም ጥላ ዙሪያ ይበራል። በኋላ የተደረገው ጥናት ሌሊት በግራር ሥር የሚያድር ሰው ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን ሲገልጥ፥ ከብት እየጠበቀ በሜዳ የሚያድረው እረኛ ለምን እንደታመመ ግልጥ ሆነ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንም በአዲስ ዘመን ከተማ ማከሚያ አቋቍሞ ሕሙማኑን ተቀበለ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ስለ በሽታው ብቻ ለመናገር አይደለም። አንድ ግምት፥ ምንም እንኳ ምክንያት ያለው ቢሆን፥ ሳይፈተን ሲቆይ በሰው ሕይወት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያሳይ ስለሆነ ነው፤ በዘመናችን የሕክምና ምርምርን የሚመሩ ሰዎች አጃይል በሚባለው የአሠራር ሥርዓት ላይ ዓይናቸውን የጣሉበትም ምክንያት ይኸው ነው። ሥርዓቱ የተወለደው በሆስፒታል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 በየካቲት ወር 17 የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጠበብት በአሜሪካ በዩታ ተራሮች ተሰብስበው፥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ጊዜ የተቀረጸ ዕቅድ በመንገድ ላይ እውነቱ ሲለወጥ ባለቤቱን እንደሚያስር ተመልክተው፥ ሥራ በአጭር ጊዜ ተከፋፍሎ በየዙሩ እየታየና እየታረመ እንዲሄድ የሚመክር አጭር መግለጫ አወጡ። ሥራው ሁሉ እንደ አስፈላጊነቱ በተራ ይደረደራል፤ ከተራው ጥቂቱ ብቻ ለአንድ ዙር ይወሰዳል፤ ቡድኑ በየጥዋቱ ቆሞ ትናንት የተሠራውን፥ ዛሬ የሚሠራውንና የተደናቀፈውን ይነጋገራል፤ በዙሩም መጨረሻ ሥራውን ለሚጠቀምበት ሰው አሳይቶ ፍርዱን ይሰማል።

የቅኔ ቤትን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ሁሉ ፍጹም እንግዳ አይሆንበትም። ተማሪው ቀን የቆጠረውን ቅኔ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፥ መምህሩም እዚያው ያርመዋል፤ የሚጀምረውም በረጅሙ መወድስ ሳይሆን በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ነው። ጉባኤ ቃናው ትንሽ ቢሆንም በራሱ የተፈጸመ ስለሆነ፥ ስሕተቱ በዚያው ማታ ይታያል። አንድ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ ለማንም ሳያሰማ ቢቆጥርና በመጨረሻ መጽሐፍ የሚያህል ይዞ ቢቀርብ፥ መምህሩ ምን እንደሚለው መገመት አያዳግትም።

አሁን ወደ ካላዛር እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ፥ የሱዳንና የኬንያ ተመራማሪዎች በጄኔቭ ከሚገኘውና ለተዘነጉ በሽታዎች መድኃኒት ከሚፈልገው ድርጅት ጋር ሆነው በካርቱም ማኅበር መሠረቱ፤ በጎንደርም የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል ተቋቋመ። የዘመኑ ሕክምና 30 ቀን ሙሉ የሚወጋ የአንቲሞኒ መርፌ ነበር፤ መርፌው ያማል፥ ልብንና ቆሽትንም ይጎዳል፤ ደግሞም አንድን ገበሬ 30 ቀን ከእርሻው ማራቅ ምን ማለት እንደሆነ የፎገራን የሩዝ አረም ወቅት ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ፓሮሞማይሲን የሚባል መድኃኒት በየቀኑ በኪሎ 15 ሚሊግራም እየተሰጠ በ21 ቀን ብዙዎችን በህንድ ፈውሶ ስለነበር፥ ይኸው መጠን በአምስት ቦታዎች እንዲፈተን ተወሰነ፤ ከእነዚህም ሁለቱ ጎንደርና አርባ ምንጭ ነበሩ።

ሙከራውን ያካሄዱት ፕሮፌሰር አስራት ኃይሉና ጓደኞቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ያተሙት ውጤት ከተጠበቀው የራቀ ነበር። አንቲሞኒው ከመቶ 92.2 ሲፈውስ፥ ፓሮሞማይሲን ብቻውን የፈወሰው 63.8 ነበር። ከዚህ አማካይ በስተኋላ ያለው ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል፤ በአርባ ምንጭ ከመቶ 96.6 የፈወሰው መድኃኒት በጎንደር 75፥ በሱዳን ካሳብ 14.3 ብቻ ሆነ። የተያዘውን ዕቅድ ሙጭጭ የሚል ሰው ቢሆን ኖሮ የቀረውን ሕሙማን ቍጥር ለመሙላት ይቀጥል ነበር። እነርሱ ግን ያንን መጠን ትተው፥ በሱዳን በጥቂት ሕሙማን ከፍ ያለውን መጠንና ረዘም ያለውን ጊዜ ፈትነው፥ በ20 ሚሊግራም ወደ ትልቁ ሙከራ ተመለሱ። አዲሱ መጠን ብቻውን አንቲሞኒውን ባይተካከልም፥ ጐን ለጐን ይፈተን የነበረው የሁለቱ መድኃኒቶች ጥምረት በ17 ቀን ከመቶ 91.4 ፈወሰ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሊቃውንትም እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን ጥምረት ለምሥራቅ አፍሪካ መከሩ። አጃይል ብሎ የጠራው አልነበረም፤ አመራሩ ግን ያው ነው፥ ስያሜው ለእኔ ብዙም አያሳስበኝም።

ሁለተኛው ምሳሌ አምቢሶም ነው። በህንድ በኪሎ 10 ሚሊግራም አንድ ጊዜ ብቻ ተሰጥቶ ድንቅ ውጤት ያሳየውን ይህን ውድ መድኃኒት በኢትዮጵያና በሱዳን ሲፈትኑ፥ ሙከራውን ከመጀመሪያው ውጤቱ በየደረጃው እየተቈጠረ እንዲሄድ አድርገው ነደፉት። አንድ ጊዜ የተሰጠው 10 ሚሊግራም የፈወሰው ከመቶ 58 ብቻ፥ 7.5 ሚሊግራሙም 40 ብቻ ሆኖ ሲታይ፥ ሙከራው በ124 ሕሙማን ላይ ቆመ። የቆመ ሙከራ ለጋዜጣ ወሬ አይሆንም፥ ለገንዘብ ሰጪም አያኮራም፤ ነገር ግን በማይበቃ መድኃኒት ከመታከም የዳኑት ሕሙማን ስንት እንደሆኑ ማንም ስላልቈጠራቸው ብቻ የሉም ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ቸኵሎ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ዛሬ ተበላሽቶ ነገ ይታረማል፤ የሰው ጕበት ግን እንዲህ አይደለም። ስለዚህ በሕክምና ምርምር ሊነኩ የማይገባቸው ነገሮች አሉ፤ የበሽተኛው ፈቃድ፥ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ውሳኔ፥ መድኃኒት ለማን እንደሚደርስ በዕጣ የመለየት ሥርዓት እንደ ቀኖና የሚጠበቁ ናቸው። ሙከራው መቼ እንደሚቆም ራሱ አስቀድሞ፥ አንድም በሽተኛ ሳይገባ፥ ይጻፋል፤ በመካከል ውጤቱን የሚያየውም ከተመራማሪዎቹ የተለየ ቦርድ ነው፥ አለዚያ ሰው የሚወደውን ውጤት ባየበት ቀን ማቆም ይጀምራልና። በየሳምንቱ ሊታረሙ የሚገባቸው ሌሎቹ ናቸው፤ የመመዝገቢያው ቅጽ፥ የናሙናው መጓጓዣ፥ የመድኃኒቱ ክምችት፥ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣው ታማሚ ለክትትል በስድስት ወሩ እንዲመለስ የሚጠራበት መንገድ።

ለዚህ ምሳሌ የምትሆን አንዲት ትንሽ ዕቃ እንይ። የካላዛር ፈጣን መመርመሪያ ጣት የምታህል ቀጭን ሰሌዳ ናት፤ ከጣት የተወሰደ የደም ጠብታና ጥቂት ፈሳሽ ተጨምሮባት ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ሲጠበቅ ሁለት መስመር ካወጣች በሽታው አለ ይባላል። በህንድ ከመቶ ሕሙማን 97ቱን ስትለይ በምሥራቅ አፍሪካ ግን ወደ 85 ዝቅ ትላለች፤ ደግሞም ቀድሞ ታክሞ የዳነውን ከአገረሸበት አትለይም። ስለዚህ አንድ መስመር ብቻ አሳይታ፥ ጣፊያው ያበጠ ሰው ከፊቱ ሲቆም፥ ባለሙያው ምን ማድረግ እንዳለበት በጽሑፍ ሊቀመጥለት ይገባል፤ ያ ጽሑፍ መታረም እንዳለበት አስቀድሞ የሚያውቀውም በጤና ጣቢያው ያለው ሰው እንጂ በዋና ከተማ ያለው ኃላፊ አይደለም።

የፎገራ ገበሬ ለዚህ አሠራር እንግዳ አይደለም። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ያስለመዱትን ሩዝ ተቀብሎ፥ የምርምር ተቋማት አዳዲስ ዘር ሲያመጡለት በማሳው እየፈተነ፥ ያልወደደውን እየተወ፥ ነጭነቱን የወደደለትን ኤክስ ጅግና የሚባለውን ዘር አልለቅም ያለ ሕዝብ ነው። የዘር ተመራማሪው ይህን ፍርድ በየመኸሩ ይሰማል። የመድኃኒት ተመራማሪውስ ከማን ይሰማል?

ከ2018 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ፥ በሱዳን፥ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረገው ሙከራ አንቲሞኒውን በሚውጡት ሚልቴፎሲን ተክቶ ሕክምናውን ወደ 14 ቀን አወረደው፤ የመፈወስ ኃይሉም ከ17 ቀኑ ጋር የተቀራረበ ሆነ። ሆኖም ፓሮሞማይሲኑ እስካሁን በየቀኑ በመርፌ የሚሰጥ ነው፥ ሚልቴፎሲኑም ፅንስን ስለሚጎዳ በመውለድ ዕድሜ ላሉ ሴቶች የወሊድ መከላከያ ሳይኖራቸው አይሰጥም። በተራ ከተደረደረው ሥራ ቀጥሎ የሚመጣው ስለዚህ በአፍ ብቻ የሚወሰድና ሴቶችን የማያስቀር መድኃኒት ነው፤ የሙከራው ዕቅድ በሚነደፍበት ጉባኤም ከፎገራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አንዷ ታክሞ ከዳነ እረኛ ጋር እንድትቀመጥ፥ ክትትሉም ሰው ወደ ሁመራ በሚወርድበት ወር እንዳይውል እነርሱ እንዲናገሩ መደረግ ይኖርበታል።