ከወር አበባ ጋር የሚመላለስ የአንጀት ሕመም

ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው ሕመም የማህፀንን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍነውንና በየወሩ ደም ሆኖ የሚወርደውን ስስ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ በቅሎ ሲገኝ የሚከሰት ሲሆን፣ በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 ከመቶ ያህሉን፣ ማለትም ወደ 190 ሚሊዮን የሚጠጉትን ያጠቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በእንቁላል ማምረቻዎችና የዳሌን ውስጥ በሚሸፍነው ስስ ገበር ላይ ነው፤ ከታማሚዎቹ ከ5 እስከ 12 ከመቶ በሚገመቱት ላይ ግን አንጀትን ይይዛል፤ በዚያን ጊዜም ከአሥር ዘጠኝ ያህሉ የሚገኘው በፊንጢጣና ከእሱ በላይ ባለው የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ላይ ነው።

ይህ ሕብረ ሕዋስ ኢስትሮጅን ለተባለው የሴት ሆርሞን ስለሚታዘዝ በወር አበባ ሰሞን ያብጣል፣ ይቆጣል፣ ይደማል፤ ደሙ መውጫ ስለሌለውም በዙሪያው ጠባሳ እየሠራ አንጀትን ከማህፀን ጀርባ ጋር ያጣብቃል። ሰገራ በዚያ ቦታ ሲያልፍ የተጣበቀው ክፍል ስለሚሳብ ታማሚዋ ለመጸዳዳት ስትቀመጥ ብርቱ ውጋት ይሰማታል፤ ሆዷ ይነፋል፤ አንድ ጊዜ ተቅማጥ፣ ሌላ ጊዜ ድርቀት ይይዛታል፤ በግንኙነት ጊዜም ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ሕመም ይኖራታል። ሕመሙ ካንሰር አይደለም፤ ቢሆንም ለዓመታት ሲቆይ በወር አበባ ሰሞን መወሰኑ ቀርቶ ወሩን ሙሉ የሚያሠቃይ ሊሆን ይችላል።

አመጣጡን በተመለከተ ጆን ሳምሰን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1927 እ.ኤ.አ. የወር አበባ ደም ከፊሉ በማህፀን ቱቦዎች በኩል ወደ ሆድ ዕቃ እየተመለሰ ሕዋሳቱን ይተክላል የሚል ሐሳብ አቅርቧል። የደሙ መመለስ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ የሚታይ በመሆኑ ግን ጥቂቶቹ ብቻ ለምን እንደሚታመሙ ይህ ሐሳብ ብቻውን አይገልጽም፤ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነትና የሰውነት መከላከያ አቅምም ድርሻ አላቸው።

በመርሐቤቴ ወረዳ፣ እንደ ሌላው የአማራ ክልል ሁሉ፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ይዟት ወደ ጤና ጣቢያ የሄደች ሴት በቅድሚያ የምትጠረጠረው በአሜባ፣ በጃርዲያ ወይም በታይፎይድ ነው፤ እነዚህ በሽታዎች በእርግጥም የተስፋፉ ስለሆኑ ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ለአንድ ሳምንት የሚዋጥ መድኃኒት ተሰጥቷት ሳትጨርሰው የወር አበባዋ ያበቃል፤ ሕመሙም አብሮ ይበርዳል፤ ስለዚህ ታማሚዋም ሐኪሙም መድኃኒቱ እንደሠራ ያምናሉ። በሚቀጥለው ወር ሲመለስ አሜባው አገረሸ ይባልና ያው መድኃኒት ይደገማል። በሀብታም አገሮች እንኳ ሕመሙ ታውቆ ስሙ እስኪጠራ ብዙ ጊዜ ዓመታት የሚያልፉት እንዲህ ባለ ምልልስ ነው።

ምልልሱን የሚሰብረው የቀን አያያዝ ሲሆን፣ ለዚህም አገሩ የራሱ መሣሪያ አለው። ዓለም ከተማ በምትባለው የመርሐቤቴ ከተማና በዙሪያዋ ብዙ ሰው ቀንን የሚያስታውሰው በቁጥር ሳይሆን በወርኃዊ በዓላት ነው፤ ክርስቲያን ሴቶችም በወር አበባቸው ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ስለማይገቡ የትኛው በዓል እንዳለፋቸው ያውቃሉ። የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን፣ የብዙ ሴቶች ዑደት ደግሞ 28 ቀን አካባቢ ስለሆነ የወር አበባው በየወሩ ሁለት ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል፤ በመስከረም በማርያም ዕለት የጀመረው በጥቅምት በገብርኤል፣ በኅዳር በእስጢፋኖስ ይጀምራል። አንጀቷን ያመማት ሴት የሕመሙን ቀንና የወር አበባዋን ቀን እንዲህ ለሦስት ወር ብትይዝ፣ ሁለቱ አብረው ወደ ኋላ መምጣት አለመምጣታቸው ይታያል። አብረው ከመጡ ለሐኪሙ ከብዙ የሰገራ ምርመራ የበለጠ ይነግሩታል።

ይህ የቀን መዝገብ የሚከብረው ሌላው ምርመራ ሩቅ ስለሆነም ነው። በካሜራ የአንጀትን ውስጥ የሚያሳየው ኮሎኖስኮፒ ብዙ ጊዜ ጤናማ አንጀት ያሳያል፤ ምክንያቱም ሕመሙ አንጀትን የሚይዘው ከውጭ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ነው። የሠለጠነ ባለሙያ በብልት በኩል የሚያደርገው አልትራሳውንድ፣ ኤምአርአይ ወይም በትንሽ ቀዳዳ ሆድ ውስጥ የሚታይበት ላፓሮስኮፒ የተሻሉ ናቸው፤ ከዓለም ከተማ ተነሥቶ የጀማን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ በለሚና በሙከ ጡሪ አዲስ አበባ ለሚደርስ ሰው ግን ጉዞው ራሱ ትልቅ ወጪ ነው። አንዲት ሴት ያንን መንገድ የምትጀምረው በእጇ ትክክለኛ ጥርጣሬ የተጻፈበት የሪፈር ወረቀት ይዛ መሆን አለበት።

ጥርጣሬው እንዳይጻፍ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ሕመሙ የጥቁር ሴቶች አይደለም የሚለው የቆየ የሕክምና እምነት ነበር። በ1976 እ.ኤ.አ. ዶናልድ ቻትማን የተባለው አፍሪካ አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም፣ የማህፀን ኢንፌክሽን ተብለው ሲታከሙ ከነበሩ ጥቁር ሴቶች መካከል በርካቶቹን የያዛቸው ኢንዶሜትሪዮሲስ መሆኑን በማሳየት እምነቱን ተቃውሟል። በአገር ቤት ደግሞ «ስትወልጂ ይተውሻል» የሚለው ምክር አለ። እርግዝና የወር አበባን ስለሚያቆም ሕመሙን ለጊዜው ሊያስታግስ ይችላል እንጂ አያድንም፤ ከዚህም በላይ ሕመሙ ራሱ መውለድን ሊከለክል ስለሚችል፣ ምክሩን ተቀብላ ያልወለደች ሴት መካን ተብላ ሁለተኛ ትጎዳለች። ይህ ምክር ሊቀር ይገባዋል።

ሕመሙን ጨርሶ የሚነቅል መድኃኒት የለም፤ የሚያስታግሱት ግን ብዙዎች እንደሚገምቱት ሩቅ አይደሉም። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች የጨጓራ ሕመም ለሌለባት ይረዳሉ። የሦስት ወር መርፌ፣ በክንድ የሚቀበረውና የሚዋጠው የእርግዝና መከላከያ የወር አበባን በማቅለል ወይም በማቆም የብዙዎችን ሥቃይ ይቀንሳሉ፤ መርፌው በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከባለትዳር ሴቶች 23 ከመቶ የሚጠቀሙበት በመሆኑ በገጠር ጤና ኬላም የታወቀ ነው። ልጅ የምትፈልግ ሴት ግን ሳትወስደው ከሐኪም ጋር ልትመክር ይገባል፤ መርፌው ከቆመ በኋላ ማርገዝ ወራት ሊዘገይ ይችላልና። መድኃኒት ካልበቃ ሐኪሞች ሕብረ ሕዋሱን ከአንጀት ላይ ይፍቃሉ ወይም የተጎዳውን የአንጀት ክፍል ቆርጠው ጫፎቹን ይቀጥላሉ፤ የቀጠሉት ቦታ ሊያፈስ ስለሚችል ሥራው የማህፀንና የአንጀት ቀዶ ሐኪሞች አብረው በሚሠሩበት ትልቅ ሆስፒታል ብቻ መደረግ አለበት። ሆዷ ተነፍቶ የምታስመልስ፣ ፈስም ሰገራም የተከለከለች ሴት አንጀቷ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ቀን ሳይቆጠር ወደ ሆስፒታል ትወሰድ። ከሰገራ ጋር ደም የሚታይባትም በኪንታሮት ወይም በካንሰር አለመሆኑ መጣራት አለበት።

በዓለም ከተማ እናት ሆስፒታልም ሆነ በየቀበሌው ጤና ኬላ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሆዷን አሟት የመጣችን ሴት ሁሉ ሕመሙ ከወር አበባዋ ጋር ይመላለስ እንደሆነ እንዲጠይቁና መልሷን በካርዷ ላይ ከሰገራ ውጤቱ ጎን እንዲጽፉ ያስፈልጋል።